ማሞቂያውን አጥፍተህ አትንዳ

ወንድሜ፣ ጥያቄህን አየሁት። «ማሞቂያውን ሳበራ ባትሪው ዓይኔ እያየ ይወርዳል፣ ሳጠፋው በብርድ እንቀጠቀጣለሁ። እናንተ የኤሌክትሪክ መኪና በብርድ ወራት እንዴት ነው የምትነዱት?» ነው ያልከው። ከላይ የመለሱልህ አብዛኞቹ «አጥፋውና ጃኬት ደርብ» ብለውሃል። እኔ አልስማማም። እንዲህ ያለውን መኪና በብርድ መንዳት ከጀመርኩ ቆይቻለሁ፤ እየተንቀጠቀጥኩ የምነዳበት ምክንያት እስካሁን አላገኘሁም።

ነገሩ ወዲህ ነው። የነዳጅ መኪና ከሚያቃጥለው ነዳጅ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ኃይል ሙቀት ሆኖ ይባክናል። የመኪናው ውስጥ የሚሞቀው በዚያ በሚባክነው ስለሆነ ነጻ ነው። የኤሌክትሪክ ሞተር ግን ቆጣቢ ነው፣ የሚጥለው ሙቀት እምብዛም የለም። ስለዚህ ለማሞቅ የሚያስፈልገው ኃይል ከዚያው ከምትነዳበት ባትሪ ይወጣል።

እና ዘዴው አየሩን ሳይሆን ሰውየውን ማሞቅ ነው። የአየር ማሞቂያው ገና ሲነሳ ከ3 እስከ 6 ኪሎዋት ሊስብ ይችላል። የወንበር ማሞቂያ ግን ከ50 እስከ 100 ዋት ገደማ ቢወስድ ነው። የመሪው ማሞቂያም ያን ያህል አይበላም። ልዩነቱን አስበው! እኔ ወንበሩንና መሪውን ከፍ አድርጌ አበራለሁ። የአየሩን ሙቀት 18 ዲግሪ አካባቢ እተወዋለሁ፣ ነፋሱን ወደ እግር እልከዋለሁ። ጀርባና እጅ ከሞቀ፣ እግር ካልቀዘቀዘ፣ ሰውነት ብርድ መኖሩን ይረሳል።

እዚህ ላይ ያ «ጃኬት ደርብ» የሚለው ምክር ራሱ ችግር ያመጣል። ወፍራም ጃኬት ብርዱን እንደሚከለክል ሁሉ የወንበሩንም ሙቀት ይከለክላል። ጀርባህ ሳይሞቅ ወንበሩ ብቻ ይሞቃል። ከዚያ የባሰው ደግሞ ቀበቶው ነው። በወፍራም ጃኬት ላይ የታሰረ ቀበቶ የጠበቀ ይመስላል እንጂ፣ ግጭት ሲመጣ ጃኬቱ ይጨመቅና ቀበቶው ላልቶ ይገኛል። ልጆች ላይማ ጨርሶ አይሞከርም። ጃኬታቸውን አውልቀህ እሰራቸውና ብርድ ልብሱን ከላይ ጣል አድርግላቸው። ለራስህ ቀጭን ሹራብና የሱፍ ካልሲ ይበቃሃል።

ከሁሉ የሚጠቅመው ግን ገና ሳትነሳ የምታደርገው ነው። መኪናው ቻርጀር ላይ እንደተሰካ በአፑ የምትወጣበትን ሰዓት ሙላለት። ያን ከባዱን የመጀመሪያ ማሞቅ ከባትሪው ሳይሆን ከግድግዳው ኃይል ይሠራዋል። መስታወቱ ላይ ያለው በረዶ ስትደርስ ቀልጦ ይጠብቅሃል። ብዙ መኪኖች በዚያው ባትሪውንም ያሞቁታል፤ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። የቀዘቀዘ ባትሪ ቻርጅ ሲደረግ ቀስ ብሎ ነው የሚቀበለው። ጠዋት እግርህን ከፔዳሉ ስታነሳ መኪናው እንደወትሮው ራሱን ሳይዝ ዝም ብሎ ከተንሸራተተ ምክንያቱ ይኸው ነው። የኤሌክትሪክ መኪና እግርህን ስታነሳ ራሱን የሚይዘው የሚያገኘውን ኃይል ወደ ባትሪው እየመለሰ ነው፤ ባትሪው ስለቀዘቀዘ ግን ያንን ኃይል መልሶ መቀበል አልቻለም። ስለዚህ እግርህን ለፍሬኑ አዘጋጅ።

ሌላው፣ ማሞቂያ የሚበላው በኪሎሜትር ሳይሆን በሰዓት ነው። አጭር አጭር ጉዞ የሚጎዳውም ለዚህ ነው። ሱቅ ደርሰህ ስትመለስ መኪናው ቀዝቅዟል፣ እንደገና ከዜሮ ማሞቅ አለ። ጉዳዮችህን ሰብስበህ በአንድ ዙር ብትጨርሳቸው ይሻላል። በረጅም መንገድ ላይ ግን ውስጡ አንዴ ከሞቀ በኋላ ፍጆታው ይቀንሳል። ስለዚህ ስትነሳ የምታየው ቁጥር አያስደንግጥህ።

መኪናህ ሂት ፓምፕ ካለው ግማሹ ሥራ ተሠርቶልሃል። ሂት ፓምፕ ከውጭው አየር ሙቀት እየሰበሰበ ያስገባል። በ1 ኪሎዋት ኤሌክትሪክ 2 ወይም 3 ኪሎዋት ሙቀት ሊሰጥህ ይችላል፣ ብርዱ እጅግ ሲበረታ ግን ይዳከማል። ሁሉም መኪና የለውም። ለምሳሌ ቴስላ ይህን የጀመረው በ2020 በሞዴል ዋይ ነው።

መስታወቱ በእንፋሎት ሲሸፈንብህ አየሩን ከውስጥ ብቻ የሚያዞረውን ቁልፍ አጥፋ። ሙቀት ይቆጥባል ብለህ አብርተኸው ይሆናል፤ እውነት ነው ይቆጥባል፣ ግን የምትተነፍሰው እርጥበት መውጫ ያጣል። ኤሲውንም አብራው። በብርድ ኤሲ ሲባል ይገርማል፣ ግን አየሩን የሚያደርቀው እሱ ነው። ስትገባም የጫማህን በረዶ አራግፍ።

ሲጋራ መለኮሻው ሶኬት ላይ የሚሰኩትን ትንንሽ ማሞቂያዎች አትግዛ። ከዚያ ሶኬት የሚወጣው ከ120 እስከ 180 ዋት ቢሆን ነው፤ መኪና አያሞቅም። በዚያው ሶኬት የሚሠራ የኤሌክትሪክ ብርድ ልብስ ግን ጭን ላይ ሲጣል ግሩም ነው። የጋዝ ወይም የከሰል ምድጃ መኪና ውስጥ የሚያስገባ ሰው እንዳለ ሰምቻለሁ፣ ይህ ራስን መግደል ነው።

በረዶ መንገድ ዘግቶብኝ ብቀርስ ላልከው፦ 60 ኪሎዋት ሰዓት የሚይዝ ባትሪ ግማሽ ቢቀረው 30 ኪሎዋት ሰዓት አለህ። የሞቀ መኪናን እንደሞቀ ለማቆየት 2 ኪሎዋት ገደማ ቢወስድ እንኳ 15 ሰዓት ያቆይሃል። ወንበሩን ብቻ ብታበራ ደግሞ ከዚያ በብዙ ይረዝማል። የነዳጅ መኪና የጭስ ማውጫው በበረዶ ከተደፈነ ጭሱ ወደ ውስጥ ገብቶ ሊገድል ይችላል፤ ያንተ ጭስ የለውም። የበረዶ ማስጠንቀቂያ በሰማህ ቀን ግን ባትሪውን ሞልተህ ውጣ።

የመኪናህን ሞዴልና ዓመተ ምህረት ጻፍልኝና ሂት ፓምፕ ይኑረው አይኑረው እነግርሃለሁ።