መልስ፦ «ጀንትልማን ጃክ» እውነተኛ ታሪክ ነው?

ይህ የእንግሊዝ የቴሌቪዥን ተከታታይ ድራማ በንግሥት ቪክቶሪያ ዘመን ላይ የተመሠረተ ልብ ወለድ እንደሆነ ለጠየቁት፣ ባለታሪኳ አን ሊስተር በእርግጥ የኖረች፣ በእንግሊዝ ዮርክሻየር ግዛት በሃሊፋክስ ከተማ አጠገብ የሚገኘውን የሺብደንን ርስት ያስተዳደረች ባለመሬት ናት። ዘመኑ ግን ትንሽ ይቀድማል፤ ድራማው የሚጀምረው እ.ኤ.አ. በ1832 ሲሆን ቪክቶሪያ የነገሠችው በ1837 ነው።

ደራሲዋ ሳሊ ዌይንራይት በዋነኛነት የተመረኮዘችው ሊስተር በተወችው እጅግ ሰፊ የዕለት ማስታወሻ ላይ ነው፤ ከዚህም አንድ ስድስተኛ ያህሉ፣ በተለይም ከሴቶች ጋር ስለነበራት ፍቅር የሚያወሳው ክፍል፣ የግሪክ ፊደላትንና የሒሳብ ምልክቶችን በቀላቀለ ምስጢራዊ ጽሕፈት የሰፈረ ነው። በ1890ዎቹ ምስጢሩን የፈቱት የቤተሰቡ ተወላጅ ጆን ሊስተርና ወዳጁ አርተር በረል ሲሆኑ፣ በረል ይቃጠል ብሎ ቢመክርም ጆን ከቤቱ የእንጨት ግድግዳ ጀርባ ሸሸገው (ይህ ብቻውን ሌላ ድራማ ይወጣዋል)።

ሊስተር በ1834 የፋሲካ ዕለት ከፍቅረኛዋ አን ዎከር ጋር በዮርክ ከተማ ቤተ ክርስቲያን አብረው መቁረባቸውና ይህንንም እንደ ጋብቻ ቃል ኪዳን መቁጠራቸው እውነት ነው። ባለታሪኳ ወደ ካሜራ ዞራ ተመልካቹን ማናገሯ ግን የደራሲዋ ብልሃት ነው፤ በእኔ ግምት የማስታወሻውን ድምፅ ለማሰማት ከዚህ የተሻለ መንገድ አልነበረም።