ልቤ ድው ድው ሲል አሁን የምሞት ይመስለኛል

ጥያቄ፦ ሰላም እንዴት ናችሁ፣ የ31 አመት ሴት ነኝ። ችግሬ ልቤ ነው። ቁጭ ባልኩበት ድንገት ልቤ ዝልል ትልና ለሆነች ሰከንድ የቆመች ይመስለኛል፣ ከዛ ደረቴን ከውስጥ በሀይል ድው ታረገዋለች። ማታ ደግሞ ልተኛ ስል በጣም በፍጥነት መምታት ይጀምራል፣ እጄ ይንቀጠቀጣል፣ ትንፋሽ ያጥረኛል፣ በቃ አለቀልኝ እላለሁ። ሀኪም ጋ ሄጄ ኢሲጂ (የልብ ኤሌክትሪክ ምርመራ) ተነሳሁ፣ ኤኮ (የልብ አልትራሳውንድ) ታየሁ፣ የደም ምርመራም ሰጠሁ፣ ሁሉም ደህና ነው ተባልኩ። ደህና ከሆነ ለምን እንደዚ ይመታል? ስማርት ዋች ገዝቼ ቀኑን ሙሉ ቁጥሩን ሳይ ነው የምውለው፣ ስፖርት አቁሜያለሁ፣ ብቻዬን ማደርም ፈርቻለሁ። ባለቤቴ «ጭንቀት ነው ተይው» ይለኛል፣ እኔ ግን አስቤው እኮ አይደለም የሚመጣው፣ ዝም ብሎ ነው። ምን ላድርግ?

መልስ፦ እህቴ፣ የሚሰማሽ ነገር እውነት ነው፣ ፈጥረሽው አይደለም። «ጭንቀት ነው» የሚባል ሰው ሁሉ «ምንም የለብህም» የተባለ ይመስለውና ይብስበታል፣ አንቺም ላይ የሆነው እሱ ይመስለኛል። ልብሽ በእርግጥ ይዘላል፣ በእርግጥም ይፈጥናል። ጥያቄው አደጋ አለው ወይ ነው።

መጀመሪያ ስለዛች ዝላይ ልንገርሽ፣ ምክንያቱም ብዙውን ሰው የምታስፈራው እሷ ናት። ልብ በቀን 100,000 ጊዜ አካባቢ ይመታል፣ ከዚህ ሁሉ መሀል አንዳንዱ ምት ተራውን ሳይጠብቅ ቀድሞ ይመጣል። ቀድሞ ስለመጣ ልብ ገና በደም ሳይሞላ ነው የሚጨመቀው፣ ስለዚ ደካማ ነው፣ ብዙ ጊዜ አይሰማሽም። ከሱ ቀጥሎ ልብ ከወትሮው ትንሽ ረዘም አርጎ ያርፋል፣ «ቆመች» የምትያት እሷን ነው። በዛች እረፍት ውስጥ ልብሽ ከሌላ ጊዜ የበለጠ ደም ይይዛል፣ ቀጣዩ ምት ደግሞ ያንን ሁሉ ደም መግፋት ስላለበት ጠንክሮ ይመታል፣ ድው የሚለው ያ ነው። ማለትም በጣም የሚያስደነግጥሽ ምት ልክ የሆነው ምት ነው። ምንም በሽታ የሌለባቸው ሰዎች ሆልተር የሚባለው የልብ ምት መመዝገቢያ መሳሪያ ለ24 ሰአት ደረታቸው ላይ ተለጥፎ ቢታዩ፣ አብዛኞቹ ላይ እንዲህ አይነት ምት ይገኛል፣ ልዩነቱ እነሱ አይሰማቸውም ወይም ሲሰማቸው አልፈውት ይሄዳሉ።

ማታ ለምን ይብሳል ላልሽው፣ ቀን ላይ ስራ አለ፣ ድምፅ አለ፣ ሰው አለ፣ ማታ ግን አንቺና ልብሽ ብቻ ናችሁ። በግራ ጎንሽ ስትተኚ ደግሞ ልብ ወደ ደረት ግድግዳ ስለሚጠጋ ምቱ ጎልቶ ይሰማል፣ ጆሮሽ ትራሱ ላይ ተጭኖም የደም ስርሽን ምት ትሰሚያለሽ። በቀኝ ጎንሽ ዞረሽ ሞክሪው፣ ለብዙ ሰው ለውጥ አለው።

አሁን ወደ ጭንቀቱ። አንዲት ምት ትዘላለች፣ አንቺ ትደነግጫለሽ፣ ሰውነትሽ አድሬናሊን የሚባለውን የድንጋጤ ሆርሞን ይለቃል፣ አድሬናሊን ልብን ያፈጥናል፣ ፍጥነቱን ስታይ የበለጠ ትደነግጫለሽ፣ እንደገና አድሬናሊን፣ በዛ ላይ ትንፋሽሽ ስለሚፈጥን ከደምሽ ውስጥ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይቀንስና ጣትሽን ይደነዝዝሻል፣ ያዞርሻል፣ እሱንም የልብ ነው ትያለሽ። ይሄ ሁሉ እንዲሆን ቁጭ ብለሽ ማሰብ አይጠበቅብሽም፣ ሰው እንቅልፍ ላይ ሆኖም ይቀሰቅሰዋል። ብዙውን ጊዜ በ10 ደቂቃ ውስጥ ጣራ ይነካና ከዛ እየወረደ ይሄዳል፣ ባትሯሯጪም ባትደውይም ይወርዳል።

ሲመጣብሽ እጅሽን ከአንገትሽና ከደረትሽ አንሺ፣ ምት አትቁጠሪ። በአፍንጫሽ 4 ሰከንድ ሳቢ፣ በአፍሽ 6 ሰከንድ ቀስ ብለሽ አውጪ፣ ዋናው ነገር ማውጣቱ ከማስገባቱ መርዘሙ ነው፣ በትልቁ መተንፈስ አያስፈልግም፣ እንዲያውም ማዞሩን ያብሰዋል። ከዛ ስትሰሪው የነበረውን ነገር ቀጥይ፣ እቃ እያጠብሽ ከሆነ እጠቢ። «ይቁም» እያልሽ አትታገይው፣ ይምታ፣ አንቺ ስራሽን ስሪ።

ስማርት ዋቹን ግን አውልቂው። በዚህ ላይ ጠንከር ብዬ ነው የምናገረው። እረፍት ላይ ያለ ሰው ልብ በደቂቃ ከ60 እስከ 100 ቢመታ ጤነኛ ነው፣ ደረጃ ስትወጪ ወይም ስትቆጪ ከዛ ቢያልፍም ጤነኛ ነው። አንቺ 95 ታያለሽ፣ ትደነግጫለሽ፣ ተመልሰሽ ስታይው 112 ሆኗል፣ የጨመረው በማየትሽ ነው። ሀኪም ምት ቅጂልኝ ካለሽ ለሱ ተጠቀሚበት፣ ካልሆነ መሳቢያ ውስጥ ይቀመጥ።

ስፖርት ማቆምሽ ደግሞ ልብሽ በፈጠነ ቁጥር አደጋ ነው የሚለውን ሀሳብ እያጠነከረው ነው። ኤኮው ንፁህ ስለሆነ ሀኪምሽን አንዴ ጠይቂና በእግር መንገድ ጀምሪ፣ በየቀኑ ትንሽ ፈጠን እያልሽ ሂጂ፣ ልብ ፈጥኖ ተመልሶ ሲረጋጋ ደጋግመሽ ማየት አለብሽ።

ስለ ምርመራው ግን አንድ የምጨምረው አለኝ። የተለመደው ኢሲጂ የሚያየው 10 ሰከንድ አካባቢ ብቻ ነው፣ ያኔ ልብሽ ካልዘለለ ዝላዩን አይዝም። ሆልተር ካልተደረገልሽ ለ24 ወይም ለ48 ሰአት እንዲደረግልሽ ጠይቂ፣ በደም ምርመራውም ሄሞግሎቢን (የደም ማነስ መለኪያ) እና ታይሮይድ (አንገት ላይ ያለ እጢ) መታየታቸውን አረጋግጪ፣ ደም ማነስ፣ በተለይ የወር አበባሽ የሚበዛ ከሆነ፣ እና የታይሮይድ ሆርሞን መብዛት ልብን ያስሮጣሉ። ቡና፣ ኢነርጂ ድሪንክ፣ ሲጋራ፣ አልኮል፣ እንቅልፍ ማጣት፣ ውሀ አለመጠጣት፣ የአስም ስፕሬይ፣ አንዳንድ የጉንፋን መድሀኒትም እንዲሁ። ይሄ ከታየና ሰላም ከሆነ በቃ፣ ከሀኪም ሀኪም እየዞሩ መመርመር ጭንቀቱን ነው የሚቀልበው።

ሳትውይ ሳታድሪ ሀኪም ጋ የምትሄጂበት ጊዜም አለ፦ ራስሽን ከሳትሽ፣ ምቱ እየሮጥሽ ወይም እየሰራሽ ባለሽበት ከመጣና ካዞረሽ፣ የደረት ህመም ወይም የማያልፍ ትንፋሽ ማጠር ካለ። ቤተሰብ ውስጥ በወጣትነቱ በድንገት የሞተ ካለም ለሀኪሙ ንገሪው። እረፍት ላይ ሆነሽ ልክ እንደ መብራት በርቶ እንደ መብራት የሚጠፋ ከ150 በላይ ምት፣ ወይም ጭራሽ ስርአት የሌለው ምት ከሆነ ደግሞ ሌላ አይነት የምት ችግር ሊሆን ይችላል፣ ህክምና አለው፣ መታየት ግን አለበት።

ፍርሀቱ ካልለቀቀሽ ሳይኮሎጂስት ወይም ሳይካትሪስት ጋ ሂጂ፣ ለፓኒክ፣ ማለትም እንዲህ ድንገት ለሚመጣ ከባድ ፍርሀት፣ የንግግር ህክምና በደንብ ይሰራል፣ መድሀኒትም አለ። ፕሮፕራኖሎል የሚባለውን የልብ ምት ማዘግያ መድሀኒት ግን የሚወስድ ጓደኛ ቢኖርሽም ከሱ ተቀብለሽ እንዳትውጪ፣ አስም ላለበት ሰው አደገኛ ነው።

ባለቤትሽን ደግሞ «ተይው» ከማለት አጠገብሽ ቁጭ ብሎ ቀስ ብሎ አብሮሽ እንዲተነፍስ ንገሪው። «ስንት ሆነ?» ብሎ ግን አይጠይቅሽ፣ እጅሽንም ይዞ አይቁጠር።