ሎጋንቪል አዲስ ቤት ለመግዛት ላሰባችሁት፦ የሁለተኛውን ዓመት ክፍያ ጠይቁ

እህቴ፣ እዚህ ጆርጂያ ከክላርክስተን ኪራይ ወጥታችሁ ሎጋንቪል አዲስ የሚሠራ ቤት ልትገዙ እንደሆነ ጽፈሻል። ቤት ሠሪው ድርጅት ወርሃዊ ክፍያውን ነግሯችኋል፤ እንችለዋለን ወይ ነው ጥያቄሽ። እኛም በዚያው በኩል ስኔልቪል አዲስ ቤት ገዝተን ነው የምንኖረው። የነገሯችሁ የመጀመሪያውን ዓመት ክፍያ ብቻ ሊሆን ይችላል። የሁለተኛውንና የሦስተኛውንም ጠይቁ።

ጆርጂያ ውስጥ የቤት ግብር የሚተመነው ንብረቱ ጃንዋሪ 1 በነበረበት ሁኔታ ነው። ያን ቀን ቤቱ ካልተሠራ፣ የዚያ ዓመት ግብር የባዶ መሬት ግብር ነው። ግብሩን ከወርሃዊ ክፍያችሁ ጋር የሚሰበስበው አበዳሪ በዚያች ትንሽ ግብር ክፍያችሁን ካሰላ፣ በቀጣዩ ዓመት ቤቱ ሲተመን ጉድ ይፈላል። ያለፈው ጉድለት ይጠየቃል፣ የወደፊቱም ይጨምራል። የጎረቤቶቻችን ክፍያ በወር ከ400 ዶላር በላይ ዘለለ። ባልና ሚስት ተጨማሪ ሽፍት ገብተው ልጆቻቸውን በቅጡ ሳያዩ ከረሙ። በጣም ያሳዝኑ ነበር። እኛ ቀድሞ የነገረን ሰው ስለነበር ልዩነቱን በየወሩ ለብቻ እናስቀምጥ ነበር። እናንተም እንደዚያ አድርጉ።

ወለዱም አለ። «የእኛን አበዳሪ ከያዛችሁ ወለድ እንቀንሳለን» ይሏችኋል። ቅናሹ እስከ መጨረሻው ከሆነ ደስ ይላል። «ቱ ዋን ባይዳውን» ከሆነ ግን በመጀመሪያው ዓመት 2 ፐርሰንት፣ በሁለተኛው 1 ፐርሰንት ይቀነስላችሁና በሦስተኛው ሙሉው ይመጣል። ግብሩና ወለዱ ተከታትለው ሲወጡ አስቢው።

ከገዛችሁ በኋላ ሆምስቴድ ኤግዘምፕሽን (ባለቤቱ ለሚኖርበት ቤት የሚሰጥ የግብር ቅናሽ) እንዳያመልጣችሁ። ጃንዋሪ 1 ላይ ቤቱ የእናንተ ከሆነና ከኖራችሁበት፣ እስከ ኤፕሪል 1 ለካውንቲው አመልክቱ። ደግሞ የትኛው ካውንቲ እንደሆነ አረጋግጡ። ሎጋንቪል ከፊሏ ዋልተን፣ ከፊሏ ግዊኔት ናት፤ ግብሩም ትምህርት ቤቱም ይለያያል።

ሞዴል ቤቱ (ለገዢ ማሳያ የተሠራው ቤት) ውስጥ የምታገኟት ሻጭ ትሁት ብትሆንም የምትሠራው ለድርጅቱ ነው። ገና በመጀመሪያው ቀን የራሳችሁን ኤጀንት ይዛችሁ ሂዱ። ኢንስፔክተርም ቅጠሩ፤ ግድግዳው በድራይዎል (በውስጥ ግድግዳ ሰሌዳ) ሳይሸፈን አንዴ፣ ከመፈራረማችሁ በፊት አንዴ። የእኛው ሰው ያልተገጠመ የአየር ቱቦ አግኝቶ አስጠግኖልናል። ቤዝመንቱን እናከራያለን ብላችሁ ካሰባችሁ የኤች ኦ ኤውን (የሰፈሩን የቤት ባለቤቶች ማኅበር) ደንብ ቀድማችሁ አንብቡ። ብዙ ቦታ ይከለክላሉ።

ባለቤትሽ ኤርፖርት ነው የሚሠራው ብለሻል። ሥራ በሚገባበት ሰዓት ከዚያ ተነስቶ በ78 እና በ285 አውራ ጎዳናዎች ይንዳው። እሁድ ከሰዓት ያለው መንገድና የማክሰኞ ጠዋቱ አይገናኙም። ባቡር ይመጣል ብላችሁ ደግሞ አትጠብቁ፤ የግዊኔት መራጭ በ2019ም በ2024ም የትራንስፖርት ዕቅዱን ውድቅ አድርጎታል።

የሰጧችሁን የወጪ ዝርዝር ስማችሁን ሸፍነሽ በውስጥ ላኪልኝ፤ ግብሩን በምን እንዳሰሉት አብረን እናየዋለን።