የአንባቢያን ጥያቄዎች፦ የማንጌሺ መቅደስና የኮንካኒ ተናጋሪዎች ልማድ

ጥያቄ፦ በሕንድ፣ ጎአ ግዛት ያለው የማንጌሺ መቅደስ ጥንታዊ ነው ይባላል። ሕንጻው ግን የ18ኛው ክፍለ ዘመን መሆኑን አንብቤያለሁ። የትኛው ይታመን?

መልስ፦ ሁለቱም ልክ ናቸው። ጥንታዊው ሊንጋው ነው፤ ከሂንዱ ታላላቅ አማልክት አንዱ የሆነው ሺቫ የሚመለክበት ድንጋይ ማለት ነው። ሊንጋው ቀድሞ የነበረው ከዙዋሪ ወንዝ ዳር፣ ኩሻስታሊ ትባል በነበረችው በዛሬዋ ኮርታሊም ነው። በ1560 እ.ኤ.አ. ፖርቱጋሎች በዚያ አካባቢ ሕዝቡን ወደ ክርስትና ለማስገባት ሲዘምቱ፣ የጎአ ቋንቋ የሆነውን ኮንካኒን የሚናገሩት የሳራስዋት ብራህማን (ከሂንዱ የካህናት ወገን አንዱ) ቤተሰቦች ሊንጋውን ይዘው ወንዙን ተሻገሩ። ያስቀመጡትም ያኔ ከፖርቱጋሎች ግዛት ውጪ በነበረው በፖንዳ፣ ፕሪዮል መንደር ነው። ሌሎች መቅደሶችም እንዲሁ ተዛወሩ፤ የሻንታዱርጋ መቅደስ ከኬሎሺ ወደ ካቭሌም፣ የማሃላሳ መቅደስ ከቬርና ወደ ማርዶል ሄዱ። ታላላቆቹ መቅደሶች በፖንዳ ዙሪያ ተጠጋግተው የሚታዩት በዚህ ምክንያት ነው። በ1739 የምዕራብ ሕንድ ገዥዎች የነበሩት ማራታዎች መቅደሱ ያለበትን የማንጌሺን መንደር ለመቅደሱ ሰጡ፤ ሕንጻው በነሱ ዘመን እንደገና ተሠራ፣ በ1890ም ታደሰ። ጣሪያው ላይ የምታዩት የወርቅ ጉልላት ደግሞ የተተከለው በ1973 ነው። እኛ ዕድሜውን የምንቆጥረው በግንቡ ሳይሆን ሳይቋረጥ በኖረው አምልኮ ነው።

ከፖንዳም አልፈው ወደ ደቡብ፣ እስከ ማንጋሉሩና ኮቺ የተሰደዱ ቤተሰቦች አሉ። ልጆቻቸው ዛሬም ኮንካኒ ይናገራሉ፤ የቤተሰባቸውን አምላክ ለመሳለምም ወደ ጎአ ይመጣሉ።

ጥያቄ፦ ግቢው ውስጥ የቆመው ባለ ሰባት እርከን ነጭ ማማ ምንድን ነው?

መልስ፦ ዲፓስታምባ፣ የመብራት ማማ ነው። በየእርከኑ ባሉት ትንንሽ መስኮቶች የዘይት ኩራዞች ይደረደሩና በክብረ በዓል ሌሊት ይበራሉ። በጎአ የቆየው ግንባታ ላተራይት ከሚባለው ቀይ ድንጋይ ነው። ድንጋዩ ቀዳዳ ስለሚበዛው የክረምቱን ዝናብ ይመጥጣል፤ በኖራ ሲለሰን እርጥበቱ ይተናል፣ በሲሚንቶ ሲለሰን ግን ውስጥ ታፍኖ ልስኑን ያረግፈዋል። ለጥገና ሲሚንቶ መምረጥ ያሳዝናል።

ጥያቄ፦ ሂንዱ ያልሆነ ጎብኚ ምን ይጠንቀቅ?

መልስ፦ ትከሻና ጉልበት ይሸፈን፤ ጫማ ከበር ይውለቅ። ሊንጋው ወዳለበት ውስጠኛ ክፍል የሚገባው ካህኑ ብቻ ነው። መቅደሱን መዞር የምትፈልጉ በቀኝ እጃችሁ በኩል እያደረጋችሁ ዙሩ። በሺቫ መቅደሶች ልማድ ግን ሙሉ ዙር የለም፦ ሊንጋው የታጠበበት ውኃ የሚወጣበት አሸንዳ ጋ ስትደርሱ ሳትሻገሩት በመጣችሁበት ትመለሳላችሁ። እንግዳ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ሰኞ የሺቫ ቀን ስለሆነ ምስሉ በቃሬዛ ተይዞ በግቢው ይዞራል፤ ሥርዓቱን ማየት የፈለገ በዚያ ቀን ይምጣ።

ጥያቄ፦ በእርድ ቅጠል ተጠቅልሎ የሚበስለውን ፓቶልዮ ብሞክር ሊጡ ከቅጠሉ ላይ እየፈሰሰ አስቸገረኝ። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ውኃ አብዝተዋል። 2 ኩባያ ሩዝ አራት ሰዓት ያህል ዘፍዝፈው ውኃውን በደንብ ያጥልሉ፤ ሲፈጩም በማንኪያ እየለኩ ብቻ ይጨምሩ። ሊጡ ማንኪያው ላይ ተቆልሎ መቆም አለበት፤ ትንሽ ጨው ይበቃዋል። ለመሐሉ አንድ የተፈቀፈቀ ኮኮናት፣ 1 ኩባያ ያልተጣራ የሸንኮራ አገዳ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ የተወቀጠ ሄል በዝግታ እሳት ላይ ያዋህዱ። ስኳሩ ቀልጦ ውኃው እስኪመጠጥ አያውጡት፤ እርጥብ ከሆነ ሲበስል በጎን ይወጣል። ቅጠሉን ለስላሳ ፊቱን ወደ ላይ አድርገው ሊጡን በእርጥብ ጣት ስስ አድርገው ይቀቡ፣ መሐሉን በአንድ ወገን ያስምሩና በቁመቱ ያጥፉት። በእንፋሎት 15 ደቂቃ ያህል ይበቃዋል። ወፍራም ከቀቡት ግን ውጩ ደርሶ ውስጡ ጥሬ ይቀራል። ቅጠሉ አይበላም፤ ትንሽ ቀዝቀዝ ሲል ያለ ችግር ይላጣል። በሙዝ ቅጠልም ይበስላል፣ ዋናው ነገር የሆነው መዓዛ ግን አይገኝም።

ጥያቄ፦ ፓቶልዮ የሂንዱዎች ብቻ ነው?

መልስ፦ አይደለም። ሂንዱዎቹ እባብ ለሚከበርበት ለናግ ፓንቻሚና የዝሆን ራስ ላለው አምላክ ለጋኔሽ በዓል ይሠሩታል፤ የጎአ ካቶሊኮች ደግሞ ኦገስት 15፣ በፍልሰታ ለማርያም ቀን። የእርድ ቅጠል በክረምት ስለሚለመልም የሁለቱም ወቅት ይገጥማል።