ሰጋቱራ ወይስ የጤፍ ጭድ? ስለ ክረምት ጫጩት ጉዝጓዝ

እህቴ፣ ቡሬ ላይ 100 የሳሶ ጫጩት ይዘሽ ክረምቱ ከገባ ወዲህ ጉዝጓዙ በሦስት ቀን እየራሰ፣ ሽታው ዓይን እያቃጠለ ተቸግረሻል። «ሰጋቱራ ይሻላል ወይስ የጤፍ ጭድ?» ላልሽው፣ እኔ ዳንግላ ላይ ሰባት ክረምት ጫጩት አሳድጌ ሁለቱንም ሞክሬያለሁና ያየሁትን ልንገርሽ።

መጀመሪያ ውሃው ከየት እንደሚመጣ እንይ። ሁላችንም የምንጠረጥረው ጣሪያውን ነው። ዶሮ ግን በክብደት ሲታይ ከሚበላው መኖ እጥፍ ያህል ውሃ ይጠጣል። 100 ጫጩት ሲያድግ በቀን ወደ 20 ሊትር ይጠጣል ማለት ነው፤ ያ ውሃ በኩስና በትንፋሽ ተመልሶ እዚያው ቤት ውስጥ ይወጣል። መስኮቱን በማዳበሪያ ከረጢት ከጠረቀምሽው የት ይሂድ? እኔም በመጀመሪያው ክረምት ብርዱን ፈርቼ እንዲሁ ዘግቼ ነበር። ጠዋት ስገባ ከቆርቆሮው ጠብ ጠብ ይላል። ዝናብ አስገባ ብዬ ጣሪያ አስጠገንኩ፤ ቆርቆሮው ግን ደህና ነበር፣ ከውስጥ አልቦት ነው እንጂ።

ስለዚህ ከጣሪያው ሥር አንድ ክንድ ያህል በወንፊት ሽቦ ክፍት ተዪ። ታችኛውን፣ ጫጩቶቹ ያሉበትን ብቻ ከነፋስ ጋርጂ። ሙቀቱን በማሞቂያው ጠብቂ፦ በመጀመሪያው ሳምንት ከ32 እስከ 35 ዲግሪ፣ ከዚያ በየሳምንቱ ሦስት ዲግሪ ያህል እየቀነስሽ። በከሰል የምታሞቂ ከሆነማ በተዘጋ ቤት ውስጥ የከሰሉ ጋዝ አንቺንም ጫጩቶቹንም ይገድላል፤ እባክሽ ይህን ቀላል አታድርጊው።

ወደ ምርጫው ስመጣ፣ እኔ ሰጋቱራ እላለሁ፤ ደረቅ ከሆነና ካልደቀቀ። ከመላጊያ የሚወጣው ጥቅልል ጥቅልል ያለው ከሁሉም ይሻላል። ትኩስ የባሕር ዛፍ ሰጋቱራ ራሱ እርጥብ ስለሆነ ግንቦት ላይ፣ ፀሐይ ሳለ፣ ገዝተሽ በሸራ ላይ አስጪውና በከረጢት አስቀምጪ። ለአንድ ቀን ጫጩት ከአራት እስከ አምስት ጣት ውፍረት አንጥፊ። በመጀመሪያዎቹ ቀናት መኖ መስሏቸው ስለሚለቅሙት ካርቶን አልብሺው። ለስላሳ ጋዜጣ አይሁን፣ እግራቸው ይንሸራተታል።

የጤፍ ጭድ ውሃ ይመጥጣል፣ ግን ይተኛል። ላዩ እንደ ቂጣ ይደርቅና ከሥሩ ይበሰብሳል። ደግሞስ በእኛ አገር ለከብቱና ለምርጊቱ የሚፈለግ ጭድ ነው። ሌላ ከሌለሽ በጣት ቁመት ከትፈሽ ከሰጋቱራ ጋር እኩል ቀላቅዪ፣ በየጠዋቱም በመንሽ ገልብጪው። ዝናብ የነካው ክምር ብቻ እንዳትገዢ! አንድ ዓመት በርካሽ ያገኘሁትን ጭድ ሳልፈትሽ አነጠፍኩ፤ ውስጡ ነጭ ሻጋታ ነበረበት። በሳምንቱ ጫጩቶቹ አንገታቸውን ዘርግተው በአፋቸው መተንፈስ ጀመሩ። ከ60ው 14 ሞቱብኝ። እስካሁን ይቆጨኛል።

የጉዝጓዙን እርጥበት በእጅሽ ለኪው። አንድ ጭብጥ አንሥተሽ ጨብጪና ልቀቂ። እንደ ጭቃ ተጣብቆ ከቀረ ርሷል። ትንሽ ተያይዞ ቀስ ብሎ ከፈረሰ ልኩ ነው። ጭራሽ ሳይያያዝ ከበነነ ደግሞ ደርቋል፣ አቧራው ሳንባቸውን ይጎዳል። ሽታውንም ቆመሽ አትመዝኚው፤ ተንበርክከሽ አፍንጫሽን እነሱ ከሚተነፍሱበት ከፍታ አድርሺ። እዚያ ዓይንሽን ከቆጠቆጠሽ እነሱ ሌት ተቀን እዚያ ውስጥ ናቸው።

ብዙው የሚርሰው መጠጫው ዙሪያ ነው። መጠጫውን በጡብ ላይ ከጫጩቱ ጀርባ እኩል አድርጊና እያደጉ ሲሄዱ ከፍ አድርጊው። ዙሪያውን የራሰውን በየቀኑ በአካፋ አውጥተሽ በደረቅ ተኪ። ኖራ ነስንሺበት የሚሉሽ አሉ። የኖራ ቦታው ቤቱ ባዶ ሳለ መሬቱ ላይ ነው፤ በራሰ ጉዝጓዝ ላይ ከነሰነስሽው ዓይን የሚያቃጥለውን ጋዝ፣ አሞኒያውን፣ ያባብሰዋል።

ጫጩቶችሽ ሦስተኛ ሳምንታቸውን ከያዙ ኩሳቸውን በደንብ ተመልከቺ። ኮክሲዲዮሲስ የሚባለው የአንጀት በሽታ ተውሳክ ከኩስ ጋር ወጥቶ ለመተላለፍ የሚበቃው እርጥበትና ሙቀት ሲያገኝ ነው። ደም የቀላቀለ ተቅማጥ ካየሽ፣ ላባቸው ቆሞ ከተኮራመቱ፣ ነገ ሳትዪ ለእንስሳት ሐኪም አሳዪ፤ በውሃ የሚሰጥ አምፕሮልየም የሚባል መድኃኒት አለ፣ መጠኑን እሱ ይንገርሽ። የዚያኑ ዕለት ደግሞ የራሰውን ጉዝጓዝ ጠርገሽ አውጪና ከጫጩቶቹ ራቅ አድርገሽ ከምሪው። ሲብላላ ለበቆሎው ማሳ ይሆንሻል፤ ትኩሱን ግን ቡቃያ ላይ አትበትኚ፣ ያቃጥለዋል።