አንዱን በርጩማ ደጋግመሽ ሥሪው

እህቴ፣ ጥያቄሽን ማታ ከሥራ ስገባ አነበብኩት፤ ሌሊቱንም ሳብሰለስለው አደርኩ። ከሙያ ኮሌጅ ወጥተሽ እዚሁ ጅማ በሰው እንጨት ሥራ ቤት ከተቀጠርሽ 3 ዓመት ሆኖሻል፤ ከስልክ ላይ የታየ አልጋና ቁም ሣጥን መቅዳት ሰልችቶሻል፤ እንደ ቅርፃ ቅርፅ ዓይን የሚይዝ፣ ግን ሰው የሚቀመጥበት ዕቃ መሥራት ትፈልጊያለሽ። «አዳዲስ ዲዛይን ከየት ላምጣ? እንጀራስ ይወጣዋል ወይ?» ብለሻል። ከእኔ በፊት የመለሱልሽ ወንድሞች መጽሔትና ማሽን ጠቁመውሻል፤ ይጠቅሙሻል። እኔ በዚህ ከተማ በዚሁ ሥራ 22 ዓመት ቆይቻለሁና የምመክርሽ ሌላ ነው፤ አዲስ ዲዛይን መፈለጉን ለጊዜው ተዪው። አንድ በርጩማ ያዢና እሱን ደጋግመሽ ሥሪ።

ይህን ያስተማሩኝ ከጅማ ወደ ሰቃ በሚወስደው መንገድ ዋንዛ ልገዛ ሄጄ ያገኘኋቸው አንድ ሽማግሌ ናቸው። ያኔ በርና መስኮት የምሠራ ወጣት ነበርኩ፤ እጄም ፈጣን ነበር። ሽማግሌው ከቡና ጥላ ሥር ተቀምጠው ገና እርጥብ የሆነ ግማሽ ግንድ በመጥረቢያ ይጠርባሉ። ሚስማር የለም፣ ኮላ የለም፣ ማገጣጠም የሚባል ነገር የለም፤ መቀመጫውም እግሮቹም ከዚያው ከአንዱ ግንድ ይወጣሉ። በሳምንቱ እኔም የሠራሁትን በርጩማ ይዤላቸው ሄድኩ፤ ዙሪያውን አበባና ሐረግ ቀርጬበት ነበር። አበባውን አላዩትም። ገለበጡት። በእግሮቹ መካከል እጃቸውን አስገብተው ዳበሱና «ላዩ ያምራል ልጄ፤ ታቹ ግን ገና ግንድ ነው» አሉኝ። እግሩ ከመቀመጫው ጋር የሚገናኝበትን ቦታ በመሮ ቆርጬ እንዲያው ትቼው ነበር። የእሳቸው እግር ከመቀመጫው ሲወርድ ግን የት እንደጀመረ አይታወቅም፤ ውኃ ከድንጋይ ላይ እንደሚወርድ ነው። እስከዚያ ቀን ድረስ ቅርፅ ማለት ጌጥ ይመስለኝ ነበር።

የበርጩማውን ሦስት እግር ራሱ ልብ በይው። በሦስት ነጥብ ላይ የቆመ ነገር ወለሉ ምንም ወጣ ገባ ቢሆን አይናጋም፤ አራት እግር ያለው ግን ካንዱ ሥር ጠጠር ወይም የታጠፈ ወረቀት እስኪያስገቡለት ይንገዳገዳል። የአፈር ወለል ባለበት ቤት ይህ ትልቅ ብልሃት ነው። የአገራችን ጠራቢዎች ምን ያህል እንደተራመዱ ማየት ከፈለግሽ አንድ ቀን ፈቃድ ጠይቀሽ ወደ ጅማ ሙዚየም ሂጂ። እ.ኤ.አ. ከ1878 እስከ 1932 ጅማን የገዙት የንጉሥ አባ ጅፋር ዳግማዊ ዕቃዎች እዚያ አሉ፤ ከአንድ ወጥ ግንድ የተጠረቡ ወንበሮችንም ታያለሽ። ጎብኚ የሚያየው የንጉሥ ዕቃነታቸውን ነው፤ አንቺ ግን ጎንበስ ብለሽ ታቻቸውን እዪ። ከዚያ ወደ ጅሬን ወጥተሽ የንጉሡን ቤተ መንግሥት የእንጨት ሥራ በዝግታ ተመልከቺ። ከስልክ ላይ የምትቀጂው ሶፋ የማይነግርሽን ነገር ይነግርሻል።

የእኔ በርጩማ የተለወጠው በእናቴ ምክንያት ነው። እናቴ ቡና ስታፈላ ሁለት ሰዓት ያህል ትቀመጣለች፤ በዚያ ሁሉ ጊዜ ቀጥ ብላ የምትቀመጥበት ቅጽበት የለም። ለመቁላት ወደ ምድጃው ታጎነብሳለች፤ ሲኒ ለማጠብ ወደ ግራ ትዞራለች፤ ስትቀዳ ደግሞ ክብደቷ ሁሉ በቀኝ ጭኗ ላይ ያርፋል። አንዱ እግር ከፊት ሁለቱ ከኋላ የሆነ በርጩማ በዚያን ጊዜ ወደ ቀኝ ይከዳታል፤ ሁለት ጊዜ በዓይኔ አይቻለሁ፤ አንዴም ጀበናው ከእጇ ሊወድቅ ነበር። ስለዚህ ሁለቱን እግሮች ወደ ፊት አዞርኳቸው፤ የቀኙን 4 ሴንቲ ሜትር ያህል ወደ ውጭ ገፋሁት፤ የመቀመጫውን ከንፈር ከፊት በኩል ዝቅ አደረግኩት። ከፍታውን ከወለሉ 24 ሴንቲ ሜትር አደረግኩት፤ ጉልበቷንና የረከቦቱን ቁመት ለክቼ ያገኘሁት ነው። ሲያልቅ ከጎን ስታዪው በርጩማው ራሱ አንገቱን ዘንበል አድርጎ ሰው የሚያዳምጥ ይመስላል። ቤታችን የመጣ ሁሉ በዓይኑ ይከተለው ነበር። ብዙ ሰው ለመልኩ ብዬ የሠራሁት ይመስለዋል፤ እኔ የሠራሁት እናቴ እንዳትወድቅ ነው።

ከዚያ ወዲህ እሱኑ ከ60 ጊዜ በላይ ሠርቼዋለሁ። እስከ አምስተኛው ድረስ ያው የመጀመሪያው ነበር፤ እጄ ስለተዋወቀው ግን አእምሮዬ ሥራ ፈቶ ሌላ ነገር ማየት ጀመረ። ሰባተኛው ላይ የኋላው እግር እንደ ሁለቱ መወፈር እንደሌለበት ገባኝ። አሥራ አምስተኛው አካባቢ የመቀመጫውን ጠርዝ እስከ 1 ሴንቲ ሜትር አሳሳሁት፤ ያኔ ከባዱ እንጨት ከወለሉ የተነሣ መሰለ። ረጅሙ አግዳሚ ወንበሬም፣ ባለ መደገፊያውም ወንበር ከዚሁ በርጩማ የተወለዱ ናቸው፤ እግራቸውን ብታዪ ዘመድነታቸውን ታውቂያለሽ። ሌላ አገርም ነገሩ ይኸው ነው። በካሊፎርኒያ ይኖር የነበረው ሳም ማሎፍ የሚባለው አሜሪካዊ አናጢ (1916–2009 እ.ኤ.አ.) ስሙ የተጠራው በሚወዛወዘው ወንበሩ ነው፤ ያንኑ ወንበር በአሥርት ዓመታት ውስጥ ደጋግሞ እየሠራ፣ መጋጠሚያውን በሞረድ እየላገ ጠርዙን እንደ አጥንት አለሰለሰው። ፎቶዎቹን ፈልጊና ክንዱ ከእግሩ ጋር የሚገናኝበትን ቦታ ተመልከቺ። የሰቃው ሽማግሌ ቢያዩት በጣም ደስ የሚላቸው ይመስለኛል።

አሁን ወደ እንጨቱ ልምጣ፤ ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚህ ነውና። ግንድ ሲደርቅ በቁመቱ ይቀንሳል ለማለት አይቻልም፤ የሚቀንሰው በወርዱ ነው። በወርዱም በዓመታዊ ክበቦቹ ዙሪያ የሚቀንሰው ከእምብርቱ ወደ ቅርፊቱ ከሚቀንሰው ሁለት እጥፍ ገደማ ይሆናል። ሙሉውን ክብ ግንድ ይዘሽ ብታደርቂው መሰንጠቁ የማይቀረው ለዚህ ነው። ስለዚህ ግንዱን ለሁለት ሰንጥቂና እምብርቱን ጠርበሽ አውጪው፤ መቀመጫሽ ውስጥ እንዳይቀር። ዋንዛ እርጥብ ሳለ ለመሮ ይታዘዛል፤ ስለዚህ ትኩስ እንዳለ ጠርቢው፤ ነገር ግን ከመጨረሻው ልክ አንድ ጣት ያህል አወፍሪው፤ ውፍረቱም ከቦታ ቦታ አይለያይ፤ ስሱ ቀድሞ ይደርቅና ወፍራሙን ይጎትተዋል። ሁለቱን ጫፎች በሰም ወይም በተረፈ ቀለም ቀቢ፤ ውኃው በፍጥነት የሚያመልጠው በዚያ ነውና። ከዚያ በፍቅፋቂ በተሞላ ማዳበሪያ ውስጥ አስገብተሽ ነፋስ ከማያገኘው ጥግ አስቀምጪው። የጅማን ክረምት ታውቂዋለሽ፤ ከግንቦት እስከ መስከረም እንጨት ይጠጣል እንጂ አይደርቅም። እኔ በጥቅምት የጠረብኩትን በመጋቢት ነው የምጨርሰው። ሰጋቱራ ውስጥ አትቅበሪው፤ እርጥበቱን ይይዝና ይሻግትብሻል።

ይህን በሰላም አልተማርኩትም። በስድስተኛው ዓመቴ አንድ የአዲስ አበባ ሰው ከወርደ ሰፊ ዋንዛ የተሠራ የምግብ ጠረጴዛ አዘዙኝ፤ በሕይወቴ ከሠራሁት ሁሉ ትልቁ ነበር። በነሐሴ ሠራሁት። ገበታውን ከፍሬሙ ጋር በኮላም በብሎንም ጠፍሬ አሰርኩት፤ ጥንካሬ መስሎኝ ነው። 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ ደረሰ፤ ሰውየውም ደስ አላቸው። በየካቲት ደወሉ። ገበታው ከመሀል እስከ ጫፍ ጣት የሚያስገባ ስንጥቅ ተሰንጥቋል። እንጨቱ በደረቁ ወራት ሊጠብብ ፈልጎ እኔ መላወሻ ነፍጌው ነበርና ራሱን ቀደደ። ሄጄ አየሁት፤ ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ብሎኖቹን ነቅዬ ቀዳዳዎቹን በወርዱ አቅጣጫ አረዘምኳቸው፤ ገበታው በየወቅቱ ወደ ጎን እንዲላወስ ማለት ነው። ስንጥቁን ግን በኮላ አልደፈንኩትም፤ ሦስት ቦታ ላይ ከጥቁር እንጨት የተሠራ፣ ወገቡ ቀጭን ሁለት ጫፉ ሰፊ የሆነ ማያያዣ አስገባሁበት። ሰውየው እስከ ዛሬ እንግዳ ሲመጣ መጀመሪያ የሚያሳዩት ያንን ነው። ከዓመታት በኋላ የአሜሪካዊውን አናጢ የጆርጅ ናካሺማን (1905–1990 እ.ኤ.አ.) ጠረጴዛዎች በፎቶ ሳይ ያው ማያያዣ በስንጥቆቹ ላይ ተቀምጦ አገኘሁትና እንባዬ መጣ። ናካሺማ ከጃፓን ወላጆች አሜሪካ የተወለደ ሲሆን በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ከነቤተሰቡ ታስሮ በነበረበት ካምፕ ከአንድ ጃፓናዊ አናጢ ሙያ እንደተማረ አነበብኩ። እንጨት ሲሰነጠቅ መጣል እንደሌለበት እሱም እኔም ለየብቻችን መድረሳችን እስከ ዛሬ ያስደንቀኛል።

የትኛውን እንጨት ትያዢ? ዋንዛ ንጉሥ ነው፤ ግን ዋንዛ፣ ዝግባ፣ ኮሶና ጽድ በሕግ ጥበቃ የሚደረግላቸው አገር በቀል ዛፎች ናቸው። ወረቀት የሌለው ጣውላ በሌሊት ርካሽ ሆኖ ሲመጣልሽ እምቢ በይ። የቡና ጥላ የሆነው ዋንዛ በነፋስ ሲወድቅ ወይም አርጅቶ ሲደርቅ ከገበሬው በፈቃድ ግዢ፤ በተለይ ጣውላ ሰንጣቂ የማይፈልገውን፣ ቅርንጫፍ ከግንድ የሚገናኝበትን ክፍል። ቃጫው እዚያ እንደ ወንዝ ይጠማዘዛል፤ የወንበር ክንድና መደገፊያ ተፈጥሮ ራሷ አጉብጣ የሰጠችሽ ቦታ ነው። ለመማሪያ ደግሞ ግራቪሊያ ይበቃሻል። ተተክሎ የሚቆረጥ ነው፤ በእምብርቱ በኩል ሲሰነጠቅ የሚያወጣው ብልጭልጭ ነጠብጣብ ሐር ይመስላል። አቧራው ቆዳ ስለሚያሳክክ እጅጌሽን አውርጂ፤ አፍንጫሽንም ሸፍኚ።

አንድ የሰፈራችንን ምሥጢር ደግሞ ልንገርሽ። ገበሬ ያረጀ ቡና ሲጎነድል ግንዱን ለማገዶ ይጥለዋል። የቡና እንጨት ቀጭን ነው፤ ሲደርቅ ግን ጠንካራና ጥቅጥቅ ያለ ነው። ለመጋጠሚያ ችንካር ከእሱ የተሻለ አላገኘሁም። ባለ መደገፊያ ወንበሮቼ ሁሉ የተያያዙት በቡና ችንካር ነው፤ ፈዛዛው ነጥብ በቡናማው ዋንዛ ላይ ሲታይ ከየት እንደመጣ ለሚያውቅ ሁሉ ጅማ ማለት ነው።

እንጀራውን በተመለከተ እውነቱን እነግርሻለሁ። ሥራሽን አትልቀቂ። እኔ ከሰኞ እስከ ሐሙስ አልጋና በር እሠራለሁ፤ ዓርብና ቅዳሜ የራሴ ናቸው፤ ደንበኛ ቢለምነኝም አልሰጥም። ለመጀመሪያዎቹ 7 ዓመታት የዓርብና የቅዳሜው ሥራ ከገቢዬ ሩቡን እንኳን አልሞላም። ዛሬ ግማሽ ያህል ደርሷል። የመጀመሪያዋን ባለ ዘንባላ በርጩማ የገዛኝ ቡና ነጋዴ ነው፤ ለሚስቱ። እሷ ለእህቷ አሳየቻት፤ እህቷ ለጎረቤቷ፤ በዚህ መንገድ ነው የሄደው። ዋጋ ስትተምኚ በገበያ ካለው በርጩማ ጋር አታወዳድሪ፤ የፈጀብሽን ቀን ቁጠሪ፤ በበር ሥራ በቀን የምታገኚውን አስቢና አባዢው፤ እንጨቱን ጨምሪበት። ያንን ዋጋ ስትናገሪ ድምፅሽ አይቀንስ። የሚከራከርሽን ሰው አስቀምጪው፤ በዓይኑ የማያምነውን ወገቡ ያምንልሻል።

ስለ መሣሪያ ብዙ አታስቢ። ጥሩ መጥረቢያ፣ ሁለት ጎባጣ መሮ፣ አንድ ጠፍጣፋ፣ ሞረድና መሳያ ድንጋይ ካሉሽ በቂ ነው። ለማጠናቀቂያ ቫርኒሽ አትቀቢ፤ እንጨቱን በመስተዋት እንደመክደን ነው። የተልባ ዘይት በጨርቅ እያሸሽ ሦስት አራት ጊዜ አጠጪው፤ በየመሀሉ ቀናት ስጪው። ዘይቱን የጠጣውን ጨርቅ ግን ጠቅልለሽ ጥግ ላይ እንዳትጥዪ፤ በራሱ ሞቆ እሳት ይነሣል። ዘርግተሽ ደጅ አስጪው ወይም ውኃ ውስጥ ንከሪው። የአንድ ወዳጄ ሥራ ቤት በዚህ ተቃጥሏል።

ጥቅምት ሊገባ ነው፤ ዝናቡ ሲያቆም ግማሽ ግንድ ፈልጊና ጀምሪ። ማን እንደሚቀመጥበት ሳታውቂ ግን መጥረቢያ አታንሺ፤ እናትሽ ትሁን፣ አያትሽ፣ ቡና የምታፈላው ጎረቤትሽ፤ አንድ ሙሉ ከሰዓት ቁጭ ብለሽ እንዴት እንደምትቀመጥ እያት። ሦስተኛውን በርጩማ ስትጨርሺ ፎቶውን እዚሁ ላኪልን፤ ገልብጠሽ ከታቹ በኩል አንሺው።