ክሩን የበጠሰው እጅሽ ነው ወይስ መርፌው?

ከደሴ የጻፈችልኝ ልጅ ልብስ ስፌት ተምራ ተመርቃለች። አንድ የሐበሻ ልብስ ቤት ለሙከራ ገብታ በኮምፒውተር የሚሠራ የጥልፍ ማሽን ላይ አስቀመጧት። መርፌው ቁጥር 11 ነበር። መነን ላይ በወርቅ ክር ስትጠልፍ ክሩ በየደቂቃው ተበጠሰ። የልብስ ቤቱ ባለቤትም «እጅሽ ገና አልተፍታታም» ብላ አሰናበተቻት። «ሙያ ልቀይር ወይ?» ትላለች።

አብሽሪ እህቴ! ሙያ ከመቀየርሽ በፊት መርፌ ቀይሪ።

እዚያ ማሽን ላይ የሚጠልፈው እጅሽ አይደለም፣ ማሽኑ ነው። ካንቺ የሚጠበቀው ጨርቁን አስተካክሎ መወጠር፣ ለክሩ የሚስማማ መርፌ መምረጥ፣ ሲበላሽ ደግሞ ምክንያቱን ማወቅ ነው። ደመወዝ የሚከፈልሽም ለዚህ ነው።

ቁጥር 11 ሌላ ስሙ 75 ነው፤ ውፍረቱ 0.75 ሚሊሜትር ማለት ነው። ለተለመደው የጥልፍ ክር ደህና ነው። የወርቅ ክር ግን ላዩ ላይ ስስ የሚያብለጨልጭ ጥብጣብ ተጠምጥሞበታል። ጠባብ ዓይን ውስጥ ሲመላለስ ይላጣል፣ ይንጨፈረራል፣ ከዚያ ይበጠሳል። 90/14 የሆነ፣ ዓይኑ ሰፋ ያለ መርፌ አስገቢ። ፍጥነቱን ቀንሺ፣ የላይኛውን ክር ላላ አድርጊ።

መርፌውን ማሽኑ ላይ ሳታስገቢ ሞክሪው። አንድ ክንድ የሚሆን ክር በዓይኑ አሳልፊ። ሁለቱን ጫፍ ይዘሽ ወጥሪና አንዱን ወገን ከፍ አድርጊ። መርፌው በራሱ ተንሸራቶ ከወረደ ተስማምተዋል። መሀል ላይ ከቆመ ዓይኑ ጠቦታል። ጫፉንም በጥፍርሽ ዳብሺው፤ ጥፍርሽን ከያዘ ጣይው። ብዙ ቤት መርፌ የሚቀየረው ሲሰበር ነው። 8 ሰዓት ያህል ከጠለፈ ግን አርጅቷል።

ገበያ ወጥተሽ «መርፌ 11» ብቻ ካልሽ ጉድ ትሆኛለሽ። ለፋብሪካ ስፌት ማሽን የሚሆነው ዲቢ 1 እና ለጥልፍ የሚሆነው ዲቢ ኬ5 መንታ ይመስላሉ። ሁለቱም ማሽኑ ላይ ይገባሉ። ልዩነታቸው ዓይናቸው ላይ ነው፤ የኬ5 ይሰፋል። የቤት ማሽን መርፌ ደግሞ ሌላ ነው፣ እግሩ (ማሽኑ ውስጥ የሚገባው ወፍራም ጫፉ) ባንድ ጎን ጠፍጣፋ ነው። ባለሱቁ ያለውን ይሰጥሻል፤ ማሸጊያውን ራስሽ አንብቢ። ለቲሸርት ጫፉ ድቡልቡል ያለውን፣ ጥቅጥቅ ላለ ጨርቅ ሹሉን ውሰጂ።

አሁን ወደ ሥራ ፍለጋው። የተማርሽበት ቦታ ማሽን ካለ አስፈቅጂ። አንዱኑ አበባ በመነን፣ በቲሸርትና በጋባርዲን ቁራጭ ላይ ጥለፊ። ደብተር ላይ ለጥፈሽ ከሥሩ የመርፌውን ቁጥርና የክሩን ዓይነት ጻፊ። የተበላሸውንም አትጣይው፤ ምን እንደሆነ ማስረዳት ከቻልሽ ከምስክር ወረቀትሽ ይልቅ እሱ ይናገርልሻል።

ኮምቦልቻ ፋብሪካዎች ለማመልከት ካሰብሽ «መርፌ ቢሰበር ምን ታደርጊያለሽ?» ሊሉሽ ይችላሉ። ማሽኑን አቆማለሁ፣ ስብርባሪውን ሁሉ ፈልጌ አስረክባለሁ፣ ከዚያ አዲስ እወስዳለሁ በይ። ወደ ውጭ በሚላክ ልብስ ውስጥ የመርፌ ስባሪ ማስቀረት ከባድ ጥፋት ነው።

ወደ ሴትዮዋ ቤትም ተመለሺ። «ጥፋቱ የመርፌያችሁ ነበር» አትበያት፤ ማን ይወዳል? ሁለት 90/14 መርፌ ይዘሽ ሂጂና «እትዬ፣ አንድ አበባ ብቻ ልጥለፍልዎ» በያት።